ስለ አባባ ሲቲ ስካን

ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጠፋሁብህ፤ ይቅር በለኝ። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ስለ ደም ቧንቧ ልጽፍልህ ነው።

የአባባ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቧንቧ) ሆዳቸው ውስጥ አብጦ 5.7 ሴንቲ ሜትር ደርሷል ብለሃል። ለመጠገን በብሽሽት ይገባል ወይስ ሆዳቸው ይከፈታል ላልከው፣ መልሱ 5.7 ላይ የለም። ጤነኛው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በወንድ 5.5 ሲሞላ ይጠገን ይባላል፣ እሱ አልቋል። የቀረው የአንገቱ ነገር ነው፤ ከኩላሊት ቧንቧዎች በታች እብጠቱ እስኪጀምር ያለው ጤነኛ ክፍል ማለቴ ነው። 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረዝም፣ ጥመቱ ከ60 ዲግሪ ባይበልጥ፣ ወደ ታች እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየሰፋ ባይሄድ በብሽሽት ለመግባት ጥሩ ነው። ሐኪሙን በመጀመሪያ ይህን ጠይቀው።

በብሽሽት የሚገባው ዕቃ ስቴንት ግራፍት ይባላል፤ ሱሪ አስብ፤ አንድ እግሩ ረጅም፣ ሌላው ቁምጣ። ጨርቁ ፖሊስተር ወይም ፒቲኤፍኢ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ የሚወጥረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኒቲኖል የሚባል ብረት። ከአንገቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሰፍቶ ይመረጣል፤ ለ24 ሚሊ ሜትር አንገት 28 ይገባል። ከዚያ ቢጠብ አይይዝም፤ እጅግ ቢሰፋም ጨርቁ ይጨማደድና ደም በእጥፋቱ ሾልኮ ያልፋል። ይህን ሥራ በ1990 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ላይ የጀመረው የአርጀንቲናው ሐኪም ፓሮዲ ነው፤ የዚያን ጊዜው ሱሪ እንኳ አልነበረም፣ ቀጥ ያለ ቱቦ ነበር።

ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ሱሪው ተጣጥፎ በአንዱ ብሽሽት በሽቦ ላይ ይወጣና በኤክስሬይ እየታየ ልክ ከታችኛው የኩላሊት ቧንቧ ሥር ይከፈታል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ኩላሊቱን ይዘጋል። የሚያስቸግረው ቀጣዩ ነው፦ በሌላው ብሽሽት ሽቦ ሰዶ የቁምጣውን አፍ ማግኘት። ሽቦው ከሱሪው ውጭ፣ በእብጠቱ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ በኤክስሬይም የገባ ይመስላል። ስለዚህ ጫፉ የተጠቀለለ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ወደ ላይ ተሰዶ እዚያው ይሽከረከራል። እንደ ልቡ ከዞረ ውስጥ ነው፤ ከተያዘ ውጭ ነው። ይህን ሳያረጋግጥ ሁለተኛውን እግር የሚቀጥል ሰው መዘዙ ብዙ ነው።

በመጨረሻ መገጣጠሚያዎቹ በባሉን ተዳምጠው፣ የደሙ መንገድ በኤክስሬይ እንዲታይ ቀለም ይረጫል። ከላይ ወይም ከታች ጠርዝ፣ ወይም ከመገጣጠሚያ የሚፈስ ካለ እዚያው ይታረማል። ከጀርባ በሚመጡ ትንንሽ ቧንቧዎች ወደ እብጠቱ የሚመለስ ደም ግን የተለመደ ነው፤ እብጠቱ ካላደገ ይጠበቃል።

ሁለቱን መንገዶች ባነጻጸረው በእንግሊዙ ኢቫር 1 ጥናት፣ በብሽሽት ከተሠራላቸው በ30 ቀን ውስጥ የሞተው 1.7 በመቶ ነበር፣ ሆዳቸው ከተከፈተው 4.7። ዓመታት ሲያልፉ ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ዘግይቶ የሚፈነዳ እብጠት ነው። ለዚህ ነው አባባ "ድኛለሁ" ብለው ቀጠሮ እንዲተዉ የማትፈቅድላቸው፦ በወሩ ሲቲ፣ ከዚያ በየዓመቱ ሲቲ ወይም አልትራሳውንድ፣ ዕድሜ ልክ። አገር ቤት ከከረሙም የዕቃውን መታወቂያ ካርድና የሲቲውን ሲዲ ይያዙ።

አንድ እግራቸው ድንገት ከቀዘቀዘ ወይም ሲራመዱ ማመም ከጀመረ የሱሪው እግር ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ለነገ ሳትል በዚያው ቀን ውሰዳቸው። የአንገቱን ልክ ስትሰማ ጻፍልኝ።