ቃል የተገባልኝን ኦርኬስትራ በስፒከር ስለመተካታችሁ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙዚቃ ማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

እንደምን ሰነበቱ። መቼ እንደተመዘገብኩ፣ ስንት እንደከፈልኩ፣ የትኛውን የግል ትምህርት እንደመረጥኩ እዚህ አልደግምም። ፋይሌ እናንተው ዘንድ ነው፤ ዳግመኛ ካልጠፋ።

የምጽፈው ስላለፈው ቅዳሜ ነው።

የውላችን ሦስተኛ ገጽ፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ቢያንስ አሥር ተጫዋቾች ያሉት የሙዚቃ ቡድን ፊት ቆሜ እንደምመራ ይናገራል። ቃሉን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አላስጨመርኩም። እውነቱን ለመናገር የተመዘገብኩት በዚያች መስመር ምክንያት ነው። ቫዮሊን የሚማር ሰው መሣሪያውን ይዞ ቤቱ ይገባል። እኔ የምማረው ኦርኬስትራ መምራት ነው፤ የመሪ መሣሪያው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ቤቴ አሥር ተጫዋች የለኝም።

«ለጥቅምት»፣ «ከጥምቀት በኋላ»፣ «ከፋሲካ በኋላ» ስባል ቆይቼ በመጨረሻ ቅዳሜ ተባለ። ከማራኪ ሰፈር በባጃጅ መጣሁ። የቤቶቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል በቃሌ እስክይዘው ተዘጋጅቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር በግማሽ ክብ ተደርድሮ ሳይ ደስ አለኝ። ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ስፒከር፣ አጠገቡ ላፕቶፕ ነበር። ተጫዋቾቹ ዘግይተው ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። አስተማሪው ግን ፍላሹን ሰካና «መጀመር እንችላለን» አለኝ።

ነገሩ ለእርስዎ ቀላል መስሎ ስለታየ ላብራራው። ይህ ሲምፎኒ የሚጀምረው በዝምታ ነው። ምቱ 2/4 ነው፤ ከመጀመሪያው ባር (የምት ክፍል) ደጃፍ ላይ አጭር ዕረፍት አለች፤ ከእሷ በኋላ ሦስት ፈጣን ኖታዎች፣ ቀጥሎ ፌርማታ፣ ማለትም የማቆያ ምልክት የተጻፈባት ረጅም ኖታ ትመጣለች። መሪው አንዲት የማስጀመሪያ ምልክት በእጁ ይሰጣል፤ ፍጥነቱንም ኃይሉንም የሚናገረው በዚያችው ነው። እሷ ከተበላሸች ግማሹ ቀድሞ፣ ግማሹ ዘግይቶ ይገባል። ረጅሟ ኖታ ምን ያህል እንደምትቆይ የሚወስነውም መሪው ነው፤ ቤቶቨን ቁጥር አልጻፈባትም። ስንት ወር የተማርኩት ይህንኑ ለመሞከር ነበር።

እጄን ሳነሳ ስፒከሩ አልጀመረም። ስፒከሩ ሲጀምር እጄ ገና ነበር። ፌርማታው ላይ ለማቆየት እጄን ብዘረጋ፣ ላፕቶፑ ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ እኔ ሙዚቃውን አልመራሁም፤ ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ አገር የቀዳው ሰው እኔን እየመራ ነበር። መሪጌታ ካሴት ከፍቶ አቋቋም አያስተምርም፤ ይህን የአቋቋም ጉባኤ ቤቱ በዓታ ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ማስረዳቴ ራሱ ያሳፍረኛል።

አልቀጥልም ስል እርስዎ ተጠርተው መጡ። ምናልባት ረስተውት ከሆነ ያሉኝን ላስታውስዎ፦ «እህት፣ አንቺ እጅሽን አወዛውዢ እንጂ ድምፁ ከየትም ቢመጣ ምን ቸገረሽ?» አስተማሪው ሳቀ። እንግዳ ተቀባይዋም ሳቀች። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናሉ፤ እኔ ግን ይኸው ይህን ሁሉ የምጽፈው እርስዎ እያልኩ ነው።

ቀጥለውም «ጎንደር ውስጥ ቫዮላ የሚጫወት ከየት ላምጣ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠየቀው ግን ገንዘቤን ከመቀበልዎ በፊት ነበር። ደግሞስ የቫዮሊንን ታላቅ እህት ቫዮላን የግድ ያለ ማን ነው? ያ መክፈቻ ውስብስብ ኅብረ ድምፅ የለውም፤ ባለ አውታሮቹና ክላርኔቶቹ አንዱን ዜማ ነው በኦክታቭ፣ ማለትም ያንኑ ኖታ በወፍራምና በቀጭን ድምፅ የሚጫወቱት። ሁለት ክላርኔት፣ ሁለት ሳክስፎን፣ አንድ ኪቦርድ፣ የቀሩትን ማሲንቆና ዋሽንት ቢያደርጉልኝ እንኳ እጄን ሲያዩና ሲተነፍሱ አይ ነበር፤ ሲሳሳቱም እመልሳቸው ነበር። ስፒከር ስሕተቴን አይነግረኝም።

አንዴ ከጀመርኩ የቀረውንም ልበለው። የሰጣችሁኝ ስኮር (የሁሉም መሣሪያዎች ኖታ የተጻፈበት) ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ከግርጌ ስለተቆረጠ ከቼሎ በታች ያለው ሁሉ የለም፤ ይቀየርልኝ ብዬ «እሺ ነገ» ተብያለሁ። ነገው አልመጣም። መብራት በሄደ ቁጥር ትምህርቱ ይቀርና እንደተሰጠ ይመዘገባል፤ እጅ ለማንቀሳቀስ መብራት ለምን እንዳስፈለገ አሁን ስፒከሩን ሳይ ገባኝ።

የሙዚቃ ታሪኩ ደግሞ ይባስ። ቤቶቨን የባኽ ተማሪ ነበር ተብሎ ተጽፎልኛል። ባኽ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1750 ነው፤ ቤቶቨን የተወለደው በ1770፣ ጀምስ ብሩስ እዚሁ ጎንደር በገባበት ዓመት። ቪየና ላይ ያስተማረው ሃይድን ነው። ይህን ባነሳ «ፈተና ላይ አይመጣም» ተባልኩ። ሉሊ የተባለው የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ምት እየጠበቀ ወለል በሚመታበት ዘንግ እግሩን ወግቶ በ1687 በዚያው ቁስል መሞቱን ግን በየሳምንቱ እሰማለሁ። ዘንጉ እንዴት ዛሬ መሪ የሚይዘው ቀጭን በትር (ባቶን) እንደሆነ የሚነግረኝ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ ውሉ ለምን እንዳልተከበረ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ለተግባር ትምህርቱ የከፈልኩትም ይመለስልኝ። ይህን ስጽፍ ሳስበው ደግሞ፣ ታሪኩም ትክክል ስላልነበረ ሙሉው ክፍያ ይመለስልኝ። እርስዎም በሳቁት ሁለት ሠራተኞችዎ ፊት ይቅርታ ይጠይቁኝ። በራችሁ ላይ የተለጠፈው «ከቀጥታ ኦርኬስትራ ጋር» የሚለው ማስታወቂያም ይነሣ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቆሞ ሲያነበው አይቻለሁ።

በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ውሉን፣ ደረሰኞቹንና ይህን ደብዳቤ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ እንዲሁም በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ሰጥቶታል። ቅዳሜ ሁለቱንም አላገኘሁም።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የግል ትምህርት ሠልጣኝ

ማሳሰቢያ፦ የእናንተው ስለተሰበረ ለሁለት ቀን ብላችሁ ከእኔ የተዋሳችሁትን የኖታ ማስቀመጫ ስታንድ ከገንዘቡ ጋር አብራችሁ መልሱልኝ። ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑ የተቀመጠው እሱ ላይ ነበር።