እህሉ ገበያ ላይ አለ፣ ባዶው ኪስ ነው፦ ከደሴ ቅሬዎች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሐምሌ 2012 ዓ.ም

ሰላም ወገኖቻችን። ዐረፋ ሊደርስ ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ፍልሰታም ወዲያው ይከተላል። እኛ በደሴ የአንድ አካባቢ ሦስት ቅሬዎች (እድሮች) ነን፤ እስላምም ክርስቲያንም አለን። አንድ የጋራ የእህል መጋዘን ከፍተናል። መጋዘኑ አለ፣ የሚሰፍር ሰው አለ፣ እህሉ ግን ገና ነው።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ታውቁታላችሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ መኪናው በግማሽ ጫነ፣ ታሪፉ ጨመረ። ለጤናችን ነውና በዚህ አንከራከርም። ግን ኩሊው የሚሸከመው አጣ። የጉሊቷ ሴት ደንበኛ ጠፋባት። ሠርግ ሲቀር የድግስ ወጥ የሚሠሩት እናቶችም ሥራ ፈቱ። ዐረብ ሀገር ያሉ ልጆቻችን እዚያው ሥራ ሲቆምባቸው በየወሩ ይልኩት የነበረው ብር ተቋረጠ። በዚህ ላይ በጥቅምትና በኅዳር በቆላው ወሎ አንበጣ ወርዶ ነበር። ክረምት ደግሞ ኮሮናም ባይኖር ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት ነው።

ገበያ ውጡና እዩ። ማሽላው አለ፣ ስንዴው አለ፣ ባቄላው ተቆልሏል። የጠፋው መግዣው ነው። ወሎ ይህን ያውቃል። የ1966ቱን ረሀብ ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ ሰው እያለቀ በነበረበት ጊዜ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ግን በምን ይግዛ? ሽማግሌዎቻችን ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም፣ በዓይናቸው አይተውታል። ዘንድሮ 66 ነው እያልን አይደለም። እዚያ እስኪደርስ አንጠብቅም ነው የምንለው።

ቅሬ ለቀብር ነው፣ ለእህል አይደለም ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ረጅም ነበር። በመጨረሻ አንድ አባት ለመቅበሪያ የምናዋጣው ብር ሰው እንዳይሞት ቢውል ማን ይከለክላል አሉና ነገሩ አለቀ። ድንኳን ጥሎ መቀመጥ ስለቀረ የቅሬው ዕቃ ቤት ባዶውን ነበር። እሱ ነው መጋዘን የሆነው።

ስም ስንመዘግብ የቅሬ አባል ነህ ወይ ብለን አልጠየቅንም። ከሁሉ የባሰባቸው አባል ያልሆኑት ናቸው። ከደላንታ፣ ከተንታ፣ ከአምባሰል ለቀን ሥራ መጥተው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ የሚያስታውሳቸው ቅሬ የሌላቸው። የኛ ሰው ደግሞ ቢርበውም አይናገርም፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ስለዚህ ሰልፍ የለም፣ ፎቶም አናነሳም። ወጣቶቻችን ሲመሽ በየቤቱ ያደርሳሉ።

የምንሰፍረው በአገራችን በተለመደው የእርዳታ ስፍር ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት። አምስት ሰው ያለበት ቤት 75 ኪሎ እህል ይፈልጋል ማለት ነው። አዲሱ እህል ኅዳር ላይ እስኪደርስ ማዝለቅ እንፈልጋለን። የቻላችሁ የአንድ ቤት፣ ያልቻላችሁ የአንድ ሰው የወር ስፍር ያዙልን። ጤፍ ብታመጡ አንመልስም፣ ግን በዚያው ብር ብዙ ማሽላ ይገዛል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጨውና ሳሙናም ያስፈልገናል። ልብስ ለጊዜው ይቆየን፣ ማስቀመጫም የለን።

ብር የሌላችሁም የምታግዙበት አለ። ወፍጮ ቤት ያላችሁ በነፃ ፍጩልን። አይሱዙ ያላችሁ ከኮምቦልቻ ባዶ ስትመለሱ እህላችንን ጫኑልን። አከራዮች፣ የአንድ ወር ኪራይ ብትተዉ ከኩንታል እህል አይተናነስም። ለዐረፋ የምታርዱ ከኡዱሒያው ድርሻ አስቡልን። ክርስቲያን ጎረቤቶች ደግሞ ለእስላሙ ቤት ዘይቱንና ሽንኩርቱን እንችላለን ብለዋል፤ ወሎ ነውና አልገረመንም።

የባንክ ሒሳቡ በሦስቱ ቅሬዎች ስም ነው። ከየቅሬው አንድ አንድ ሰው ሳይፈርም ብር አይወጣም። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። የሒሳብ ቁጥሩን ከቅሬ ዳኞቹ ውሰዱ። ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦቻችሁን ላኩና አስጠይቁ። በግለሰብ ሒሳብ አንቀበልም፤ በስማችን በስልክ ብር የሚጠይቅ ካለ አትላኩ።

እህል የምንረከበው ከዓርብና ከእሑድ በቀር ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ነው። ማስክ አድርጋችሁ ኑ፣ እጅ መታጠቢያው በሩ ላይ ነው። ውስጥ ሰው ካለ ውጭ ትንሽ ጠብቁ። የመጀመሪያው ስፍር ለዐረፋ ዋዜማ ስለሆነ እስከ ረቡዕ የደረሰልን ይገባበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለፍልሰታ ይያዛል።