ካሴቱ እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን ነሐሴ ታውቀዋለህ፤ ቡሉኮ ደርቤ ነው የምጽፍልህ።

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁ። በመሃላችን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰበብ አልደረድርም። ይቅር በለኝ። የምነግርህ ነገር አለ፤ እንዴት እንደምጀምረው ሦስት ቀን ሳስብ ቆየሁ። በቃ ልበለው። ካሴቱ እኔ ጋ ነው።

አዎ፣ ያ የሜታሊካ የሮክ ካሴት። አክስትህ የላኩልህ። አዲስ አበባ ልትሄድ ሻንጣህን ስትዘጋ «የት ገባ?» አልከኝ። «ጠፋ» አልኩህ። ትራሴ ሥር ነበር። አንተም ሄደህ እሱም ከሄደ ምን ይቀረኛል ብዬ ነው። ይኸው 26 ዓመት። ለአባቴ ተዝካር የመጣህ ጊዜ «ያ ካሴት ቢኖር ዛሬ እንሰማው ነበር» አልክ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ።

ምን አስወጣው መሰለህ? ልጄ። 14 ዓመቷ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት በገና ትማራለች። ባለፈው ቅዳሜ ሳጥን ስታገላብጥ አገኘችውና በእናቴ ቴፕ ከፈተችው። እኔ ጓሮ ነበርኩ። የሜታሊካ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች የክሊፍ በርተን ሶሎ ከቤት ሲወጣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሮጬ ገባሁ። «አባዬ፣ ይሄን በገና የሚደረድረው ማነው?» አለችኝ።

በገና! እኔና አንተ ያን ያህል ጊዜ ሰምተን ይህ አልታየንም። አንተማ «ሊድ ጊታር ነው» ብለህ ሙጭጭ ብለህ ዳቦ ተበላህበት፤ አልረሳሁትም! ልጄ በገናዋን አምጥታ አሳየችኝ። በርኩማው ላይ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ እንዝራ የሚሏት ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች። ቦታዋን ስትይዝ አውታሩ እሷን እየነካ ይነዝራል። እንዝራዋን ስታወጣት ድምፁ ባዶ ሆነ። መልሳ ስታስገባት ደረቴ ውስጥ ገባ። ክሊፍ ያንን ንዝረት የጊታር ድምፅ በሚለውጡት በዲስቶርሽንና በዋዋ ፔዳል ነው ያመጣው። እሱም በጣቱ ነበር የሚጫወተው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ታላቅ ወንድሙ እንደሞተበትና ለእሱ ሲል ጎበዝ ቤዚስት እሆናለሁ እንዳለ። ሜታሊካዎች እሱን ለማግኘት ሲሉ ከሎስ አንጀለስ ነቅለው ሳንፍራንሲስኮ አካባቢ እንደገቡ። ከስቶክሆልም ኮንሰርት በኋላ ወደ ኮፐንሃገን ሲጓዙ ለመኝታ ካርታ ስበው፣ የደረሰው ካርታ የጊታሪስቱን የኪርክ ሃሜትን አልጋ እንዳስመረጠው። አውቶቡሱ ማለዳ ላይ ስዊድን ውስጥ ተገለበጠ። ክሊፍ ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። ሾፌሩ በረዶ አንሸራተተኝ አለ፤ ዘፋኙ ጄምስ ሄትፊልድ በእግሩ ሄዶ ቢፈልግ በረዶ አላየም። ውርጭ ያሳደገን እኛ በዚህ ጉዳይ ስንት ሌሊት ተከራክረናል! አሁንም ጣርማ በርን በጉም ባለፍኩ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

ልጄ ቀኑን ጠየቀችኝ። መስከረም 17 ቀን 1979 አልኳት። «በመስቀል?» ብላ ዝም አለች። እኛም መጀመሪያ በጣታችን ቆጥረን ስንደርስበት እንዲሁ ዝም ብለን ነበር። ታስታውሳለህ፣ በየዓመቱ የደመራውን አመድ ግንባራችን ላይ ተቀብተን እናንተ ቤት ስንገባ? ጧፍ አብርተን፣ ድምፁን ቀንሰን፣ እናትህ እንዳይሰሙ። ሰምተው ኖሯል፤ በኋላ ነገሩኝ። «የሞተ ሰው ነው የምታስታውሱት ስትሉ ሰምቼ ተውኳችሁ» አሉኝ።

ለመጪው መስከረም ከሞተ 40 ዓመት ይሞላዋል። ይህ ነው ሰላም የነሳኝ። አደጋው የደረሰበት ቦታ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል፤ አድናቂዎቹ እየሄዱ ያስቡታል። እኛ ስዊድን አንደርስም። ግን አርባውን ለየብቻችን ማሳለፍ አልፈልግም።

ሌላም ልንገርህ። ቴፑ ክሩን በላው። ከበሮው የሚገባበት አካባቢ ነው። ልጄ በእስክሪብቶ ቀስ ብላ ጠቀለለችው፤ ግን ተጨማድዷል፣ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይዋዥቃል። «ስልክ ላይ አለ እኮ አባዬ» ትለኛለች። አለ። ጥርት ብሎ አለ። የእኛ ግን አይደለም። ከእንግዲህ አልነካውም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከበላው ይበጠሳል ብዬ ፈርቻለሁ።

መስከረም 16 ከሰዓት ድረስ። ደመራው ላይ አብረን እንሁን። ልጄ በገናዋን ታሰማሃለች፤ ከዚያ ካሴቱን አንተው ክፈተው። በሰው አልልክልህም፣ መጥተህ ከእጄ ውሰደው። ተቆጥተህ ከሆነም መጥተህ ተቆጣኝ።

ስልኬ የድሮው ነው። ዳቦው በእኔ።

ወንድምህ