የቋንቋ ክበብ ዘገባ፦ «ኤክስፕረስ» ከየት መጣ?

የስፖርት ክበብ ዋንጫ ሲያመጣ ግቢው በጭብጨባ ይናወጣል። የእኛ ልጆች ዘንድሮ ይዘው የመጡት ቃላት ነው፤ ዋንጫ ባይሆንም ሥራው ሥራ ነው።

የአመራር ምርጫውና ሳምንታዊው ስብሰባ እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ዋናው ሥራ የካርድ ሥራ ነበር፦ ለአንድ ቃል አንድ ካርድ፣ ከላይ ምንጭ ቋንቋውና ጥንተ ትርጉሙ፣ ከታች የዛሬው፣ መሐል ላይ ቃሉ ያለፈባቸው ትርጉሞች። ጀማሪ የሚሳሳተው መሐሉን ሲዘል ነው። ኤክስፕረስ ፖስታ ፈጣን ስለሆነ ብዙዎቹ ቃሉን ከፍጥነት የመነጨ አድርገው ጻፉት። ሥሩ ግን የላቲን «ኤክስ» (ወደ ውጭ) እና «ፕሬሜሬ» (መጫን) ነው፦ ተጨምቆ የወጣ፣ ቀጥሎ በግልጽ የተነገረ፣ ቀጥሎ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የታሰበ። ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተላከ መልእክተኛ በየደረሰበት አይቆምምና ቀድሞ ይደርሳል። ፍጥነት የገባው እዚህ ላይ ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ባቡርም በዚህ ስም ተጠራ። «ፕረስ»ም «ኤስፕሬሶ»ም የዚሁ «መጫን» ዘመዶች ናቸው።

ቸርችል ጎዳና ወዳለው የፖስታ ሙዚየም ሄደን ስለ 1894 (እ.ኤ.አ.) ቴምብሮች ተማርን፤ ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሽዎቹ አንበሳ አለባቸው። የማልረሳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከውጭ አገር የመጣ የቤተሰቧን አሮጌ ፖስታ አወጣች። ላዩ ላይ በተለጠፈው ቀይ መለያ «ኤክስፕረስ» የተጻፈው በአንድ «ኤስ» (EXPRES) ነው። ወንዶቹ «ፈረንጅም ይሳሳታል!» ብለው ሳቁ። እሷ ረጋ ብላ ካርዷን አነበበች፦ የዓለም ፖስታ ኅብረት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይኛ በአንድ «ኤስ» ሲጻፍ ሆን ተብሎ የተላከ ማለት ነው፤ ባለ ሁለት «ኤስ»ኛው የባቡሩ ነው፣ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ። ሳቁ ቆመ።

«ፖስታ»ን ጀምረን አልጨረስነውም። ከጣሊያንኛ መምጣቱንና በላቲን «የተቀመጠ» ማለት መሆኑን፣ ይኸውም በየመንገዱ ተቀምጠው ተራ ከሚጠብቁት ቅብብል ፈረሶች መሆኑን ይዘናል፤ ወደ አማርኛ የገባበትን ጊዜ ሳናጣራ የካርድ ወረቀት አለቀ። የቃላት ምንጭ የሚያሳይ ያለን መዝገበ ቃላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ገጾቹ ተገንጥለዋል። ለአንድ ኳስ የሚወጣው ገንዘብ ለዓመት የሚበቃ ወረቀት ይገዛል። ቤታቸው አሮጌ መዝገበ ቃላት ወይም ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ያላቸው ወላጆች በልጆቻቸው በኩል ቢልኩልን በመስከረም «ቴሌግራም»ን እንጀምራለን።