ጣሪያው ወርዷል፣ ቁጠባው አልተነካም፦ ለአባላትና ለአካባቢያችን ተወላጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ አባሎቻችን፣ በከተማም በውጭ አገርም ያላችሁ የአካባቢያችን ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጣለው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን ቢሮ ጣሪያ አውርዶታል። ወራጁን ምስጥ ጨርሶት ኖሮ ቆርቆሮውን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ካዝናውም ደኅና ነው፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። የሒሳብ መዝገቡ (ሌጀሩ) ግን ረጥቧል። አሁን ከየቤቱ የቁጠባ ደብተር እየሰበሰብን ሒሳቡን መስመር በመስመር እያመሳከርን ነው። የምንሠራው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ለቅሶ ሲመጣ ተነሥተን እንለቃለን።

«ካዝናው ሙሉ ከሆነ በዚያ ለምን አትጠግኑትም?» የሚለን ሰው በዝቷል። በካዝናው ያለው የአባላት ቁጠባ ነው። ዛሬ ለቆርቆሮ ብናወጣው ነገ ልጇ ታሞባት ደብተሯን ይዛ ለምትመጣው እናት ምን እንመልሳለን? ስለዚህ ቁጠባው አይነካም፤ ጠቅላላ ጉባኤውም ያለው ይህንኑ ነው።

ወጣቶቹ ደግሞ «ቴሌብር እያለ ቢሮ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ቴሌብር ከ2013 ወዲህ ብዙ አቅልሎልናል፣ አንክድም። ነገር ግን ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ስልክ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ሲም ካርዱ በባል ወይም በልጅ ስም ነው። ባንክ ደግሞ መያዣ ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው ማሳውን እንደ ከተማ ቤት አስይዞ መበደር አይቀናውም። የኛ መያዣ ሰው ነው፤ ተበዳሪውን የሚያውቅ ሰው ዋስ ይሆነዋል። ብድር ኮሚቴው ለማዳበሪያ የተባለው ለማዳበሪያ መዋሉን ያያል፤ ከፋዩም በየወሩ ሳይጨነቅ እህሉ ሲገባ ይከፍላል። መተዋወቅ ሁሉን ይፈታል አንልም፤ ዋስ የሚያጣ አለ፣ በተለይ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረና ባሏ የሞተባት። ለእነሱ ነው በራሳቸው ቁጠባ ልክ ያለ ዋስ የሚበደሩበትን መንገድ የከፈትነው። ከዚህ ማኅበር በፊት የነበረውን አራጣ ታውቁታላችሁ፣ አንዘረዝረውም።

ባለፈው የተዋጣው የት ገባ ለምትሉ፦ ካዝና ተገዛበት፣ የብረት በር ተገጠመበት፣ የቁጠባ ደብተርና ደረሰኝ ታተመበት። በዚህ ዝናብ ገንዘቡን ያተረፈው ያው ካዝና ነው። «መጀመሪያ ጣሪያው ነበር» የሚል ይኖራል፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 መሠረት አንድ አባል አንድ ድምፅ ነበረው፣ ቃለ ጉባኤውም አለ። ደረሰኞቹ በሙሉ ቁጥጥር ኮሚቴው ዘንድ ናቸው፤ የፈለገ መጥቶ ይይ። ሐሜቱ ግን ደክሞናል። ይህን ሥራ የምንሠራው ያለ አበል ነው።

በዓመት በዓሉ ስብሰባ ቃል ገብታችሁ ያላስገባችሁም አላችሁ። ስም አንጠራም። መጽሐፉ «ለድሀ ቸርነትን የሚያደርግ ለእግዚአብሔር ያበድራል» ይላል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ለአላህ መልካም ብድር ማበደር ምን እንደሆነ ከኛ በላይ ያውቃሉ።

የጉልበቱን ነገር አትስጉ፤ ሰፈሩ በደቦ ሊያቆመው ተስማምቷል፣ ባሕር ዛፍም የሚሰጡ ተገኝተዋል። የጎደለው ቆርቆሮ፣ ምስማርና የአናጢ ክፍያ ነው። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋም ትልቅ ነገር ነው።

የምታስገቡት በማኅበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በቁጠባ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታትሟል፤ ደብተር የሌላችሁ ከቤተሰብ ጠይቁ። ከሒሳቡ ያለ ሊቀ መንበሩ፣ ያለ ጸሐፊዋና ያለ ገንዘብ ያዡ ፊርማ ብር አይወጣም። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። በግለሰብ ስልክ፣ የኮሚቴ አባል ስልክም ቢሆን፣ አትላኩ። ደግመን እንላለን፦ በማኅበሩ ስም፣ በደብተሩ ላይ ባለው ቁጥር። ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥታችሁ ለገንዘብ ያዡ ላኩ፣ የማኅበሩን ደረሰኝ ይቆርጥላችኋል።

ደግሞ አደራ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ካልጻፋችሁ እንደ ቁጠባ ይመዘገብና ለማውጣት እንደገና ጉባኤ መጥራት ሊኖርብን ነው።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ