ዘንዶው በረካ እየጠበቀ ነው

ሰላም አንተ ጉድ፣

በሕይወት አለሁ። አንተም እንዳለህ ሰምቻለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ሆድ አውጥተህ፣ በቲሸርት ትንጎራደዳለህ አሉ። እኛ እዚህ ደሴ ጭጋግ ውስጥ ሹራብ በሹራብ ደርበን ነው የምንውለው። ለዝምታው ይቅርታ ብያለሁ። አንተም በል። አለቀ። የሐረጎን ተራራ ወርጄ ልጠይቅህ ስል፣ አንተም ትወጣለህ ብዬ ስጠብቅ፣ ጊዜው ሄደ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንዲህ ይረዝማል ብሎ ማን አሰበ? እሱን ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን። አሁን የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው።

ዘንዶ እንግዳ ሆኖ መጥቶብኛል።

አትሳቅ። ያን አንዱ እየተረከ ሌላው ገጸ ባሕርይ ሆኖ ዳይስ እየጣለ የሚጫወተውን የተረት ጨዋታ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ተጫዋቾቹ የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የእህቴ ልጅም አለችበት፤ ያቺ ስትወለድ ገንፎዋን አብረን የበላንላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በነጻ የተለቀቀውን የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ አውርጄ፣ ፒያሳ ወስጄ አሳተምኩት። 400 ገጽ ያልፋል፤ ሁሉንም ላሳትም ብል ደሞዜ ስለማይበቃ የአውሬዎቹንና የአስማት እቃዎቹን ክፍል ብቻ ነው ያወጣሁት። ዋናው እሱ አይደል?

መጀመሪያ ከሕጉ ላይ ያለውን ያን እብድ መጥረቢያ ሰጠኋቸው። ታስታውሰዋለህ፤ የያዘው ሰው ነፍሱም ክንዱም ይበረታል፣ ግን ጠላት ባቆሰለው ቁጥር የጥበብ ነጥቡን ደምሮ ዳይስ ይጥላል። 15 ካልሞላ ራሱን ይስታል፣ ቅርብ ያገኘውን ይፈልጣል። ጓደኛ ጠላት አይልም። ጣለው ሲሉትም አይጥልም። ምን ሆነ መሰለህ? አንዱ ልጅ የጓደኛውን ገጸ ባሕርይ ፈለጠው። ጨዋታ ነው ብንል ማን ይስማን! ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆኜ ተቀመጥኩ።

የተረገመ እቃ እ.ኤ.አ. በ1974 ፈጣሪዎቹ ጋይጋክስና አርነሰን ጨዋታውን ካሳተሙበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ወጥመድ ነው። ከረጢት መስሎህ እጅህን ትከታለህ፤ ለካ የግዙፍ አውሬ አፍ ኖሯል። ምኑ ይጣፍጣል? ልጁ ምንም አልመረጠም፤ አጫዋቹ ብቻ ነው የሳቀው። ይልቅ ያ ብዙ የሚይዘው ደህናው የአስማት ከረጢት ይሻለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሕግ ወደ 227 ኪሎ ይይዛል፣ ሞላም ጎደለም ክብደቱ 7 ኪሎ አይሞላም። ግን እሱን በመሰለ ሌላ ከረጢት ውስጥ ከከተትከው ሁለቱም ይጠፉና በ10 ጫማ ዙሪያ ያለውን ፍጡር ሁሉ ጠርጎ ወደ ሌላ ዓለም የሚወስድ በር ይከፈታል። ይሄኛው ጣጣው አስቀድሞ የታወቀ ነው። እያወቅኸው፣ ምራቅህን እየዋጥክ፣ አንድ ቀን ‘ግድ የለም’ ብለህ ትሞክረዋለህ። እኔ እንዲህ ያለውን ነው የምወደው።

ስለዚህ የራሴን ሠራሁ። ጀበና ናት። ቂጧ የጠቆረ፣ ጆሮዋ የተሸረፈ፣ ውታፏ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ከአቦሏ የጠጣ ሁለት ባለ 8 ፊት ዳይስ ይጥላል፤ የወጣውን ያህል ቁስሉ ይሽራል። ከቶናዋ የጠጣ እስኪነጋ ፍርሃት የሚባል አያውቀውም። በረካዋ ላይ የተመረቀ ምርቃት ደግሞ ይደርሳል፤ የተባለው ይሆናል።

ጣጣዋስ? ቡና ለብቻ አይጠጣማ! ቡናው ሲቆላ፣ በዚያ አካባቢ ካለ ፍጡር ሁሉ ቅርብ የሆነው ይሸተዋል፤ ይመጣል። ማን እንደሚመጣ አይመረጥም። ከመጣ እንግዳ ነው። በረካ እስኪጠጣ ድረስ እጅ የሚያነሳበት የለም፣ እሱም አያነሳም። አቋርጦ የተነሳ የዳነው ቁስሉ እጥፍ ሆኖ ይከፈትበታል።

መጀመሪያ ሲያፈሉ አንዲት እንጨት ለቃሚ አሮጊት መጥተው የመንገዱን ወሬ ነገሯቸው። ቀልጠፍ ያለ እቃ ነው ብለው ተደሰቱ። በሁለተኛው የመጣው ግን ስንት አገር ያባረሩት የበቅሎ ሌባ ነበር። ቁጭ አለ። ቆሎውን ዘገነ። አንድ ፉት አለና ‘ቡናችሁ ቀጥኗል’ አላቸው። ወላሂ፣ የልጆቹን ፊት ብታይ! ጥርሳቸውን ነክሰው ቀዱለት። በረካውን ጨልጦ፣ መርቋቸው፣ በቅሎዋ ላይ ወጥቶ ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ ነው ጉዱ የመጣው። የእህቴ ልጅ ጣጣውን መሣሪያ አደረገችው። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ዘንዶው ዋሻ ደጃፍ ላይ ጉዝጓዝ ጎዘጎዘችና ቡና ቆላች። እኔ ምን ላድርግ? ሕጉን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ዘንዶው መጣ። ጭንቅላቱን ቄጠማው ላይ አሳረፈ። በሲኒ የሚሆን ስላልሆነ በእንስራ ቀዱለት። እሷ ደግሞ ቀና ብላ ‘ስኳር ስንት ላድርግልዎት?’ አለችው፣ በአንቱታ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። በረካው ላይ ሲደርሱ መሸና እናቶቻቸው መደወል ጀመሩ። እዚያው ላይ ቆመን።

አሁን ችግሬን ተረዳኸኝ? በረካ ላይ የሚመርቀው ትልቅ ሰው ነው። እዚያ ከተቀመጡት በዕድሜ ትልቁ ማነው? ዘንዶው! ሊመርቅ ነው፤ ምርቃቱም ሊደርስ ነው። አሜን ካሉ ይደርስባቸዋል። አሜን ካላሉ እንግዳቸውን አዋረዱት፤ ሰላሙ ፈረሰ ማለት ነው።

ሌሊት እየተነሳሁ ስጽፍ ስሰርዝ ከረምኩ። ‘እንደኔ ያኑራችሁ’ ይበላቸው? ሺህ ዓመት ወርቅ ላይ ተኝቶ፣ እሳት አውሱኝ የሚል ጎረቤት ሳይኖረው። ይሄ አይከፋም፤ ግን ቶሎ ይነቃበታል። ‘ከቤታችሁ አይውጣ’ ይበላቸው? ከዚያ በኋላ የገባ ሁሉ አይወጣም፤ እህሉም፣ እንግዳውም፣ ጭሱም። ይሄን ወድጄው ነበር፤ ሳነበው ግን እርግማን እርግማን ሸተተኝ። ‘ጠላታችሁ ይጥፋ’ እንዳልል ጠላታቸው እሱ ራሱ ነው። ምርቃቱ ለጆሮ ማር መሆን አለበት። ቀስ ብሎ ያዳመጠ ልጅ ግን አሜን ከማለቱ በፊት እሾኋን ማግኘት አለበት።

ይሄ ያንተ ሥራ ነው። አያትህ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ከጎናቸው ሆነህ ነው ያደግኸው። ሰኞ ገበያ ውሎ የሚመለሰውን ሁሉ አስቁመው ሲመርቁት፣ ሰውዬው የያዘው በግ አምልጦት እንኳ አሜን ማለቱን አይተውም ነበር። የኔ ቤተሰብ ይወቅሳል እንጂ አይመርቅም፤ ታውቀዋለህ።

ጊዜም የለኝም። ልጅቷ ‘በረካውን አልቀዳም፣ ውሃ እየጨመርኩ አቆየዋለሁ’ ብላ ዝታለች። አራተኛ ቡና የሚባል የለም አልኳት። ‘የት ላይ ተጻፈ?’ አለችኝ። ተረታሁ። ፍሙ እስካለ ድረስ ትችላለች፤ በየዙሩ ባለ 6 ፊት ዳይስ ትጥላለች፣ 1 ሲወጣ ከሰሉ አመድ ሆነ ማለት ነው።

እና... ደግሞ አንድ ነገር። ተወው።

እሺ፣ ልበለው። እዚያ ሌላ ቡድን ይዘህ ታጫውታለህ ሲሉኝ ቀንቼ ነበር። ሌላ ሚስት ያገባህብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አሁን አልፎልኛል፤ በአብዛኛው።

ለማንኛውም ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ና። ዘንዶውን አንተ ሁን፤ እኔ ጥግ ይዤ ፈንድሻ እበላለሁ። ልጆቹ የኔን ድምፅ ለምደውታል፤ ዘንዶም ብሆን ሌባም ብሆን ያው አጎት ነኝ ለነሱ። ያን አረንጓዴ ባለ 20 ፊት ዳይስም ይዘህ ና። የማን እንደሆነ አንከራከርም። (የኔ ነው።) መምጣት ካልሆነልህ ምርቃቱን በድምፅ ቀርጸህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ግን እስከ ዓርብ ማታ ድረስ፣ ጎርነን አድርገህ፣ ሳትስቅ።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስሜን ሲሰሙ የሚሉትን ሁሉ እንዳለ እንዳትነግረኝ።

ያንተው፣
የደሴው