የአውሮፕላኑን ክፍሎች ማያያዣ ዘዴ ለመወሰን የተጠራ ስብሰባ

የተከበራችሁ አባላት፣

የምንሠራው አነስተኛ አውሮፕላን የአካሉ ቱቦና የክንፉ ላሜራ በየትኛው ዘዴ እንደሚያያዝ ለመወሰን በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለገጣፎ በሚገኘው ወርክሾፓችን ስለምንሰበሰብ፣ እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአባላት የቀረበው ሐሳብ አሉሚኒየሙን ሳያቀልጥ በሚሽከረከር ዘንግ ሰበቃ አለስልሶ የሚያዋህደውንና በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተፈጠረውን ብየዳ (ፍሪክሽን ስተር ዌልዲንግ) በሪቬት፣ ማለትም በቀዳዳ ገብቶ ላሜራዎችን በሚያያይዝ ሚስማር ፈንታ እንጠቀም የሚል ነው። ዘዴው ኤክሊፕስ 500 በተባለው ጄት ላይ ብዙ ሪቬቶችን ተክቷል፤ በተለመደው ብየዳ በቀላሉ የሚሰነጠቀውን 2024 የተባለ የአሉሚኒየም ቅይጥም ያያይዛል። ሆኖም ላሜራውን አጥብቆ የሚይዝ ከባድ ማሽን ስለሚፈልግ ለእኛ አቅም የሚስማማ አይመስለኝም። በእጅ የሚያዘው የሌዘር ብየዳ ደግሞ ዋጋው እየቀነሰ ቢመጣም፣ በሚገናኙት ቱቦዎች መካከል ክፍተት ካለ ብየዳው አስተማማኝ አይሆንም፤ ጨረሩም ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ 4130 ከተባለው የብረት ቅይጥ ለሚሠራው ቱቦ ቲግ (በተንግስተን ዘንግ የኤሌክትሪክ ቅስት የሚሠራ ብየዳ)፣ ለላሜራው ሪቬት ይሁን የሚል አቋም አለኝ። የሰው ሕይወት የሚሸከም መገጣጠሚያ ከላይ አምሮ መታየቱ ብቻ ስለማይበቃ የተበየዱ ናሙናዎችን እዚያው ሰብረን እንመረምራለን።

የቱቦ ወይም የላሜራ ቁራጭ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የብየዳ መነጽርና ጓንት ግን ሁላችሁም ያዙ። መምጣታችሁንና የምትደግፉትን ዘዴ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።